ሁለቱ ይዘዋል

እኔ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ልጅ ሲሮጥ ካየሁ ወድቆ ነው የሚታየኝ። ድስት ሲጣድ ተገልብጦ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ ሆኖ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤቱ እስኪለጠፍ ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ፤ ማለፌ ሲለጠፍ ደግሞ የሌላ ሰው ውጤት ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቻለሁ።

ይህን ጠባዬን ሰፈሩም ዘመዱም ያውቀዋል። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ምሳ ዕቃ ይዤ በብረታ ብረት ቤቱ በር ብቅ ባልኩ ቁጥር መዶሻውን አስቀምጦ፣ «የአየር ትንበያችን መጣች! እትዬ፣ ዛሬስ ምን ይዘንብብናል?» ይለኝ ነበር። ሠራተኞቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። እየሳቅኩ ግን ዓይኔ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ሰንሰለት ላይ ነው፤ ቢበጠስ ማን ላይ ያርፋል እያልኩ።

ፍርሃቴ ከሜዳ አልመጣም። ያንን ቤት የከፈተው ባሌ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት በየደ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጭስ ዋጠ፤ በመጨረሻው ዓመት ከአልጋው እስከ መስኮቱ ያለችውን አራት እርምጃ መራመድ አቃተው። ሲሞት ቤቱ ለወንድሙ ሆነ፤ ለእኛ የቀረልን የፊት መከለያው ነው፣ ጥቁር መስታወቱ ዳሩ ላይ የተሰነጠቀ። አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከዚያ አወጣችው።

ለመንኳት። አለቀስኩባት። የሚታየኝን ሁሉ ዘረዘርኩላት፦ ዓይንሽ፣ ሳንባሽ፣ እጅሽ፣ ኮረንቲው።

«እማ፣» አለችኝ፣ «አባዬን የገደለው ብየዳ አይደለም። በሩን ዘግቶ መበየዱ ነው። እኔ በሩን ከፍቼ እሠራለሁ።»

አምስት ዓመት በሩን ከፍታ ሠራች። እጇ ላይ ከፍንጣሪ የተረፉ ጥቃቅን ነጥቦች ወጡባት። እሷ አትቆጥራቸውም፣ እኔ ግን ተኝታ ሳለች እቆጥራቸው ነበር። ዋርሳዬም ይወዳታል፤ እሱ «ብልጭ» ይላታል፣ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች። ይወዳታል እንጂ ከመስኮት፣ ከአጥር በርና ከደረጃ መደገፊያ በላይ አይሰጣትም ነበር። ክብደት የሚሸከም ነገር ሲመጣ ለትልቁ በያጅ ነው። ለምን ብላ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው። «መስኮት ቢጣመም ሰው ይስቃል። ሸክም የሚችል ነገር ቢጣመም ግን ሰው ያለቅሳል፣ ብልጭ።»

ከዚያ ትልቁ በያጅ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሄደ። የዋርሳዬም ወገብ ተያዘ፤ ሰፊ ቀበቶ ታጥቆ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጎንበስ ማለት አይችልም። የቀረው አጣዳፊ የሚሉት ሽማግሌ ነው። አጣዳፊ ያሉት ከቀርፋፋነቱ የተነሳ ነው፤ ሥራው መሞረድና ቀለም መቀባት ነበር። እንዲህ ባሉበት ሰሞን ነው ዳቦ ጋጋሪው የመጣው።

ዳቦ ጋጋሪው በእኛው መንገድ ጥግ ላይ ያለው ነው። ሰፊ ሰው ነው፣ ሳቁ ከሆዱ ይነሳል። ሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ ስድስት ኩንታል ይመዝናል፤ ከወለሉ ተጣብቆ ኖሮ ከሥሩ ያለው ዱቄት ሻጋታ አበጅቷል። ጽዳት የሚቆጣጠሩት ሰዎች መጥተው፣ ማሽኑ እየተነሳ ከሥሩ ካልታጠበ ቤቱን እናሽጋለን ብለውታል።

«ማሽኔ እግር ያውጣልኝ፣» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አራት ጎማ ያለው የብረት መቀመጫ። ስገፋው የሚሄድ፣ ስረግጠው የሚቆም። እስከ አርብ።»

ዋርሳዬ ወገቡን ይዞ ልጄን አያት። እሷ ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ጨብጣ ቆመች። እኔ በሩ አጠገብ ምሳ ዕቃዬን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ልቤ፣ እምቢ በላት፣ እምቢ በላት ይላል።

«እሺ፣» አላት። «ሥሪው። ይህ ከቆመ፣ ከሰኞ ጀምሮ ትልቁ ጠረጴዛ ያንቺ ነው። የአባትሽ ጠረጴዛ። ከበድ ያለ ሥራ ሁሉ በእጅሽ ያልፋል። ካልቆመ ግን ብልጭ፣ ሁለተኛ አትጠይቂኝ።»

ልጄ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሄዳ ማሽኑን ለካች።

ሦስት ቀን ሙሉ እየሄድኩ አየኋት። ሥራዋን የማልወድ ሰው እንኳ ብሆን እጇ እንዴት እንደሚሄድ አይቻለሁና ልናገር። ስምንት በስምንት ሳንቲም ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ብረት፣ ቆረጠች፣ ግድግዳው አራት ሚሊ የሆነ ወፍራም። አራቱን ማዕዘን በእስኳድራ ገጠመች። ከዚያ ሜትሯን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ዘርግታ ለካች፣ በሌላውም አቅጣጫ እንደዚያው። ሁለቱ ልኮች በሁለት ሚሊ ሲለያዩባት መዶሻ አንስታ በቀስታ መታ መታ አደረገች፣ እንደገና ለካች፣ እኩል ሆኑ። በመሃል ሁለት አግዳሚ ጨመረች።

«አንዱ አይበቃም?» አላት አጣዳፊ።

«ይበቃል። ግን እናቴ ሌሊት ትተኛ።»

ሳቁ። እውነትም ያን ሌሊት ትንሽ ተኛሁ።

አራቱ ማዕዘን ሥር አራት ወፍራም ላሜራ ይመጣል፤ ጎማዎቹ በብሎን የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። የኋለኞቹ ሁለት ጎማዎች ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ የፊተኞቹ የሚዞሩና ፍሬን ያላቸው። እያንዳንዱ ጎማ ሦስት ኩንታል ይችላል። አራት ጊዜ ሦስት አሥራ ሁለት፣ ማሽኑ ስድስት። ይህን ሒሳብ አምስት ጊዜ አስደገምኳት።

«ወለሉ ጠማማ ቢሆንና አንዱ ጎማ ከመሬት ቢነሳስ?» አልኳት።

«ሦስቱ ዘጠኝ ኩንታል ይችላሉ።»

«ከሦስቱ አንዱ ቢሰበርስ?»

«እማ!»

አርብ ጠዋት ከቤት ስንወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ እንቅልፍ አልነካትም።

«እማ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልለምንሽ። ዛሬን ብቻ አታሟርቺብኝ። ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ አይችልም እንዳትዪ። ጋሼ ፊት በተለይ። አንቺ አንድ ቃል ባልሽ ቁጥር እሱ ዓይኑ ይጠራጠራል። አንድ ቀን ብቻ፣ እማ።»

ማልኩላት። በአባቷ ነፍስ ማልኩላት።

ረፋዱ ላይ መቀመጫው በጎማው ቆሞ ነበር። ልጄ ውሃ ልኩን ላዩ ላይ አስቀምጣ ስታይ የአየር አረፋዋ ወደ አንድ ወገን ሸሸች፤ የፊተኞቹ ሁለት ላሜራዎች ከኋለኞቹ በትንሹ ዝቅ ብለው ተገኙ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ሳትናደድ ብረቱን ገለበጠች፣ የፊተኞቹን በመሞረጃ ቆርጣ አነሳች፣ አስተካክላ እንደገና ገጠመች፣ እዚህና እዚያ ብልጭ ብልጭ አደረገች። ከአጣዳፊ ጋር ሆነው መልሰው አቆሙትና ውሃ ልኩን አየችው። አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ አለች።

ከዚያ ኤሌክትሮድ መያዣዋን አየት አድርጋ በእግሯ መሬቱን መታች። ኤሌክትሮድ አልቋል። የቀረችው አንዲት ጉማጅ ናት።

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ፣» አለች ቆዳ ጓንቷን እያወለቀች። «አጣዳፊ፣ አንተ ላዩን መቀባት ትችላለህ፤ ላዩ ጨርሷል። እማ፣ ጋሼ ከመጣ፣ የኋለኞቹ አልቀዋል፣ ሁለቱ ይዘዋል በይው። እንዳትረሺ። ሁለቱ ይዘዋል።»

«ሁለቱ ይዘዋል፣» አልኳት።

ሮጣ ወጣች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሽቦው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

አጣዳፊ አንቲረስቱን በጥብጦ ላዩን መቀባት ጀመረ። ቀይ ቡናማ ቀለም ብረቱን ሲያለብሰው እኔ እንኳ፣ እኔ ራሴ፣ ያማረ ነገር መሰለኝ። ቆሜ ዞርኩት። በጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ እንደ ሕፃን አልጋ ተንሸራተተ። «ይዘዋል» የምትለዋን ቃል በአፌ አገላበጥኳት። ያዘ ማለት ጠበቀ ማለት ነው። ችግኝ ያዘ ይባላል፣ ሥር ሰደደ ሲሉ። መድኃኒቱ ያዘላት፣ ሙጫው ያዘ። እኔ የማውቃት «ያዘ» ደግ ቃል ናት።

ኤሌክትሮድ የሚሸጠው የቅርቡ ሱቅ ተዘግቶ ኖሮ ልጄ ወደ ሩቁ ሄዳለች። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ከእሷ በፊት የመጣው ዋርሳዬ ነው፣ ከነዳቦ ጋጋሪው ጭነት መኪና። ሹፌሩ ከበር ጥሩምባውን ያስጮኻል። ዳቦ ጋጋሪው ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ፣ «ተቆጣጣሪዎቹ ከሰዓት እንመጣለን ብለዋል! ዛሬ ካላየነው ነገ የምናየው ማሸጊያቸውን ነው!» አለ።

ዋርሳዬ በቀበቶው ቀጥ ብሎ ገባ። መቀመጫውን ከላይ ቁልቁል አየው። በመዳፉ መታ አደረገው። ደስ እንዳለው ከአፍንጫው አወቅኩት፤ ሲደሰት አፍንጫው ይነፋል።

«ብልጭስ?»

«ኤሌክትሮድ ልትገዛ ሄዳለች።»

«ኤሌክትሮድ? አላለቀም እንዴ?»

ያን ጊዜ የሆነውን ስንት ጊዜ በልቤ እንደመለስኩት አንድ እግዜር ያውቃል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። የተነፋው አፍንጫ ሲሟሽሽ አየሁ። ልጄ ሳትጨርስ ተገኘች ሊል ነው፣ ጠረጴዛው ሊቀርባት ነው፣ ያውም በእኔ አፍ። ጠዋት የማልኩት ትዝ አለኝ። እድሜ ልኬን ያላመጣሁትን ፈገግታ አመጣሁና፣

«አልቋል እንጂ!» አልኩት። «ይዟል ብላለች። ኤሌክትሮዱ ለሌላ ሥራ ይሆናል።»

«ሁሉም ይዟል?»

«ሁሉም። አልቋል፣ ወንድምዬ። እንደ ቋጥኝ ነው።»

ዓይኑን ከፍቶ አየኝና ሳቀ። «አጣዳፊ! ሰማህ? እትዬ ደህና ነው አለች! እትዬ እንደ ቋጥኝ ነው አለች! እንግዲህ ይህ ብረት ቢፈልግ ይወድቃል?»

አጣዳፊ ብሩሹን እንደያዘ አፉን ከፈት አደረገ። የሚናገር መሰለኝ። ግን አጣዳፊ ቃል ለማውጣትም ጊዜ ይወስድበታል፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያስጮኽ አፉን መልሶ ዘጋው። ከሹፌሩና ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ሦስት ሆነው አነሱና ጫኑት። ለማየት እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት።

ዳቦ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሊጥ የሚቦካበትና እቶኑ ያለበት። በሁለቱ መካከል የውሃ መውረጃ አለ፣ ላዩ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ። ፍርግርጉ ከወለሉ ጣት ያህል ከፍ ይላል። ማሽኑን በሰንሰለት አንስተው መቀመጫው ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉት። ትንፋሼን ያዝኩ። መቀመጫው ምንም አላለም፤ ድምፅ እንኳ አላወጣም። ዳቦ ጋጋሪው አጨበጨበ። ሁለት ሠራተኞች ከኋላ ገፉት፣ ስድስት ኩንታል ማሽን በክፍሉ ውስጥ እንደ ሙሽራ ሄደ።

«ወደ እቶኑ ክፍል ሞክሩት!» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ዋርሳዬ ከፊት ሆኖ በእጁ ይመራል፣ ወደ ኋላ እየተራመደ። የፊተኛው ጎማ ፍርግርጉ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ትንሽ ጠንከር አድርጉ፣» አለ።

ልጄ በሩ ላይ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ብረታ ብረት ቤቱ ተመልሳ ቦታውን ባዶ አግኝታ ሩጫዋን መጥታለች፤ የኤሌክትሮዱን ካርቶን በደረቷ ታቅፋለች።

«አትግፉት! ጋሼ፣ ሽሽ! አልተበየደም!»

ዋርሳዬ ድምጿን ሰምቶ ዞረ። ባይዞር ኖሮ ያይ ነበር፣ ቢያይ ይሸሽ ነበር አሉ በኋላ። ይህንንም በእሷ ጥፋት ላይ ጨመሩት። ጣ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ከዚያ ሌላ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከነላሜራቸው ወደ ኋላ ታጠፉ። ማሽኑ እንደሚሰግድ ሰው ወደ ፊት ተደፋ፣ የሊጡ ጋን ዋርሳዬ ግራ እግር ላይ አረፈ።

ሰው ሁሉ ጮኸ። ልጄ ግን አልጮኸችም። ካርቶኑን ጥላ፣ «ክሪክ! ከመኪናው ክሪክ አምጡ!» አለች፤ እስኪያመጡ ወፍራም ዘንግ ከሥሩ አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ማሽኑን ያነሳችው እሷ ናት። ዋርሳዬን በብብቱ ይዛ የጎተተችውም እሷ ናት። ይህን ከእኔ በቀር የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ልጄ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማለች፣ እጅጌዋ ላይ ደምና ዱቄት አንድ ላይ ደርቋል። እኔ ከአጣዳፊ ጋር ተቀመጥኩ።

«ይዟል ብላለች እኮ፣» አልኩት ቀስ ብዬ። «ይዟል ካለች እንዴት ይወድቃል?»

አጣዳፊ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«እትዬ፣ በእኛ ቤት ያዘ ማለት በነጥብ ተያዘ ማለት ነው። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ፣ ቦታውን እንዳይለቅ። ይዟል ማለት ታጭቷል ማለት ነው። ሠርጉ ብየዳው ነው።» በጣቱ አግዳሚ ወንበሩን ነካ ነካ አደረገ። «ነጥብ ከላይ የመጣ ሸክም ይችላል። ዝም ብሎ ከቆመ ዓመትም ይቆማል። የማይችለው የጎን ግፊት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር ነበር። አንቺ ሁሉም አልቋል ስትዪ፣ እኔ ሳላይ ጨርሳለች አልኩ። እትዬ ደህና ነው ካለች ደህና ነው አልኩ።»

ተነስቼ ወደ ዋርሳዬ ክፍል ገባሁ፤ ልጄ ተከተለችኝ። ሁለት የእግሩ ጣቶች እንደማይተርፉ፣ ቁርጭምጭሚቱም እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ሐኪሙ ነግሮታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድምዬ፣» አልኩት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ አልቋል አላለችም። ሁለቱ ይዘዋል በይው ነው ያለችኝ። አልቋል የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቃሏን አላወቅኩትም። ልጄ ምንም የለችበትም።»

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ እንዲያው ትንፋሽ ነበር።

«እትዬ፣ እናት ነሽ። አልፈርድብሽም። እናት ለልጇ ያልዋሸች ለማን ልትዋሽ ነው።»

«እየዋሸሁ አይደለም!»

«አንቺ? አንቺ ከራስሽ አልቋል፣ ደህና ነው፣ እንደ ቋጥኝ ነው ብለሽ? ሃያ ምናምን ዓመት አውቅሻለሁ። ፀሐይ ስትወጣ፣ አይ መጥለቋ አይቀርም የምትዪ ሴት ነሽ። የወንድሜ ሠርግ ቀን፣ የእናንተው ሠርግ ቀን፣ ድንኳኑ ይወድቃል ብለሽ ከውጭ አልቆምሽም? ይህ ቃል ከአንቺ አልመጣም። ልጅቷ ካላለችሽ በአፍሽ አይገባም።»

ወደ ልጄ ዞረ። «ብልጭ፣ ጨርሻለሁ ብለሻታል?»

ልጄ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ማንም ሰው በጠላቱ ላይ እንኳ እንዳያይ። ቁጣ አልነበረበትም። ሒሳብ ነበር፤ ሁለቱን ማዕዘን ስትለካ የነበራት ዓይን።

«ያልኳትን ነግራሃለች፣» አለች።

«እንግዲህ፣» አለ ዋርሳዬ ዓይኑን ጨፍኖ። «ሁለተኛ አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር።»

ቤት ገባን። ውሃ አሞቅኩላት፣ እጅጌዋን ጠቅልዬ ክንዷን ማጠብ ጀመርኩ፤ እንደ ሕፃን ታጠበችልኝ።

«ላንቺ ብዬ ነው፣» አልኳት። «አታሟርቺ አልሽኝ። በአባትሽ ነፍስ ማልኩልሽ። ፊቱ ሲጠቁር ጊዜ፣ ሊከለክልሽ ነው ብዬ...»

«አታሟርቺ አልኩሽ እንጂ ዋሺ አላልኩሽም፣ እማ።»

ክንዷን ከእጄ አወጣች፣ ራሷ አደረቀችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ ሃምሳ ዓመት ፈርቼ ያመጣሁት ነገር የለም። ያልፈራሁባት አንዲት ግማሽ ቀን ናት ቤቴን ያፈረሰችው።

ከዚህ ወዲያ የሆነው ትንሽ ነው። ዋርሳዬ በከዘራ ይሄዳል። ከሌላ ቦታ አንድ በያጅ ቀጥሮ ትልቁን ጠረጴዛ ሰጠው። ልጄን አላባረራትም፤ ከአጣዳፊ ጋር ቀለም መቀባት ትችያለሽ አላት። ሁለት ሳምንት ቀባች። በሦስተኛው ሳምንት የአባቷን መከለያ ይዛ መጣችና ከአልጋዬ ሥር፣ ከድሮው ቦታው፣ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ በዚያ ቦታ ደብቄው እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አሁን የምትሠራው ያን ቀን ኤሌክትሮድ የገዛችበት፣ ሩቁ ሱቅ ውስጥ ነው። ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ጎማ ትሸጣለች። ደንበኛ ይህ ስንት ኩንታል ይችላል ሲላት ትነግረዋለች፤ ምን ላይ ሊገጥመው እንደሆነ ግን አትጠይቅም። ንጹሕ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች፣ በሰዓቷ ትመለሳለች። ጭስ የለም፣ ፍንጣሪ የለም፣ ኮረንቲ የለም። እጇ ላይ የነበሩት ነጥቦች እየጠፉ ነው፤ ባለፈው ተኝታ ሳለች ቆጠርኳቸው፣ አራት ቀርተዋል። በፊት በየሌሊቱ እግዜርን ስለምን የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ጎረቤቶቼ፣ «ተመስገን በይ፣ ከዚያ ከእሳት ወጣችልሽ፣» ይሉኛል። ተመስገን እላለሁ።

ዳቦ የምገዛው ከዚያው ዳቦ ቤት ነው። ሌላ አለ፣ ግን ከዚያው ነው የምገዛው። አንድ ቀን ወረፋው ሲረዝም ዳቦ ጋጋሪው፣ «ነይ እትዬ፣ ወደ ውስጥ ግቢ፣» አለኝ። ማሽኑ መቀመጫው ላይ ቆሞ ሊጥ ያቦካል። ያው መቀመጫ ነው። አዲሱ በያጅ የፊተኞቹን ሁለት ላሜራዎች መልሶ በይዷቸዋል።

ዘንቢሌን አስቀምጬ ተንበረከክኩ። ዋርሳዬ በወገቡ ምክንያት ያላየውን ቦታ አየሁ። ፊተኞቹ ላይ ያለው ብየዳ እንደ ማስቲካ ተለጥፏል፣ እዚህ አብጦ እዚያ ሳስቷል። ኋለኞቹ ላይ ያለው የልጄ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ እንደ ሹሩባ ጥርት ብሎ የወረደ። በጣቴ ሄድኩበት። የትም ቦታ አልተቆረጠም።

«ምን ወደቀብሽ እትዬ?» አለኝ ዳቦ ጋጋሪው።

«ምንም።»

«አትፍሪ፣ አሁን ጠንክሯል። አዲሱ በያጅ እጁ ወርቅ ነው። ፊቱንም ኋላውንም እሱ ነው የሠራው።»

አይደለም፣ ኋላው የልጄ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ጠበቀኝ፤ ሰፊ ፊቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እናት የምትናገረውን እንደሚሰማ ሰው።

«አምስት ዳቦ፣» አልኩት።